ባዕድ አስተማሪ፦ ከጎንደር እስከ አሬሮ

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች «ስለ መምህሮቻችሁ ጻፉልን» ብለው ሲያስታውቁ፣ አብዛኞቻችሁ ስለምትወዷቸው የአገራችን መምህራን እንደምትጽፉ ገምቻለሁ። ደግ አደረጋችሁ። እኔ ግን ስለ ሌሎቹ ልጽፍ ነው። በየዘመኑ መጥተው ስለሄዱት፣ በምረቃ ፎቶግራፎች ላይ ዳር ዳሩን ቆመው ስለሚታዩት፣ ስማቸውን አንድም ቀን አስተካክለን ጠርተነው ስለማናውቀው የውጭ አገር አስተማሪዎች። ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ ጎንደር ሳይሆን ነገሌ ቦረና ነው። ወደዚያ እደርሳለሁ፤ ከአዲስ አበባ ብቻ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲጀመር አስተማሪው ከውጭ የመጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ፈረንጅ ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጥብናል የሚል ስጋት በካህናቱ ዘንድ ስለነበረ መላ መዘየድ አስፈለገ። አስተማሪዎቹ ከግብፅ ቅብጦች መጡ፤ ኃላፊያቸውም ሐና ሳሊብ የሚባሉ ግብፃዊ ነበሩ። ባዕድ ናቸው፤ ግን የእስክንድርያ መንበር ልጆች ስለሆኑ ያን ያህል ባዕድ አይደሉም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የውጭ አስተማሪ ሲመጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስጨነቀው ነገር ሰውየው ምን ያህል ያውቃል የሚለው ብቻ አልነበረም። ምን ያህል ባዕድ ሆኖ ይታያል የሚለውም ነበር።

ከዚህ ዘመን ታሪኮች ሁሉ የሚገርመኝ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። የሙያ አባታችን ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በ1860 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች አንስተው ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ በርማ ውስጥ በሐኪምነት ሠሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ አማርኛው ከአንደበታቸው ጠፍቶ ነበር። አያታቸው ልጃቸውን የለዩት በልጅነት ጠባሳው ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ የጎንደር ዘር ያላቸው ሰው በገዛ አገራቸው በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ። እኒህ ሰው ናቸው በ1917 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ የሆኑት። ፊታቸው አበሻ፣ አንደበታቸው እንግሊዝ፣ ልማዳቸው ህንድ። በስተኋላ አማርኛውን መልሰው ተምረው መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። እኔን የያዘኝ ግን ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሰው ፊትህን አይቶ «የኛ ነው» ሲልህ፣ የማታውቀውን ነገር ለመጠየቅ ያፍርብሃል። ፈረንጁ ይህን ችግር አያውቀውም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሆነው ደግሞ የጎንደርን ልጅ ፈገግ ያሰኛል። ከተማችንን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አባርረው በሩን ዘግተውባቸው ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በ1938 ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ተፈሪ መኮንንን እንዲመሩ ተጠሩ። መሪያቸው ሉሲየን ማት በ1943 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታዲያ የመጡት በካህን ልብስ አይደለም፤ በኮትና በከረባት፣ እንደ ማንኛውም አስተማሪ ነው። ቀሚሱ ተሸሸገ፣ የቆዳው ቀለም ግን የት ይሸሸጋል?

ቀለሙ ሊሸሸግ እንደማይችል በይፋ የታየው በ1955 የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን ወጣቶች፣ የሰላም ጓድ የምንላቸው፣ በአንድ ጊዜ ገቡ። ጃንሆይ በቤተ መንግሥት ተቀበሏቸው። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ኋላ በአገራቸው ሴናተር ሆነዋል። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከእነዚህ አንዱ ወሊሶ ላይ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳድረዋል። ከእነሱ በኋላ ከመጡት ደግሞ መቱ ላይ ያስተማሩት ጆን ጋራሜንዲ የምክር ቤት አባል ሆነዋል።

በዚያ ዘመን በትንሽ ከተማ ውስጥ ፈረንጅ አስተማሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ የሚበልጡት ያውቁታል። ሻይ ሲጠጣ ይታያል፣ ሲያስነጥስ ይታያል፣ ቤቱ ምን እንደተበሰለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጆች ይከተሉታል፤ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉታል። ስሙ ማይክልም ይሁን ሮበርት መጠሪያው ያው ነው። ደግሞ በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ የተማሪው ንቅናቄ ሲጋጋም ያው ሰውዬ በአንድ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ወኪል ሆኖ ቁጭ አለ። ትናንት ቡና ያፈሉለት ቤቶች ልጆች ዛሬ ውጣልን ብለው በሰልፍ ይጮኹበታል። ድርጅቱ በ1969 ከአገር ወጣ፤ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የሆነ ሆኖ አንድ ነገር አልቀረባቸውም። ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሰብስበው አማርኛ አስተማሯቸው። ባዕድ መሆናቸውን ላኪውም ተቀባዩም ያውቅ ነበርና ተዘጋጀላቸው። ወሊሶ ገበያ ላይ የሚነገረው ግን ኦሮምኛ መሆኑን ማንም ያሰበው አይመስልም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ አሬሮ ስንደርስ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 የተመሠረተው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አካባቢ ደምቢያን የፈጀውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ፖይንት ፎር አብረው ቆሙ። የሚሠለጥኑት ጤና መኮንኖች፣ የኮሚኒቲ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ነበሩ። አስተማሪዎቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ነበሩ፤ ተማሪው ደግሞ ቆላ ድባ ድረስ ወርዶ ገበሬው ቤት እየገባ ነበር የሚማረው። ይህ አሠራር በዘመኑ በአፍሪካ የተለመደ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ስለተጻፈበት እዚህ አላንዛዛም።

በ1970/71 ኮሌጁ የሕክምና ፋኩልቲ ሲሆን አስተማሪዎቹ የመጡት ከምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሜሪካኖቹ በሄዱ በዓመቱ መሆኑ ነው። ጎንደር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለቱንም የቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ አስተማሪዎች አይታለች፤ ለልጆቿ ግን ሁለቱም ፈረንጅ ናቸው። ጀርመኖቹ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእነሱም ለተማሪውም የተውሶ ቋንቋ። በሽተኛው ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ታዲያ ራውንድ ላይ ምን ይሆናል? ታላላቆቻችን ሲያወጉን ለብዙ ሰዓት ያስቁን ነበር።

በሽተኛዋ «ምች መታኝ» ትላለች። ተማሪው ወደ እንግሊዝኛ ሊመልስ አፉን ይከፍትና ይደርቃል። ፕሮፌሰሩ ይጠብቃሉ። «ምች ምንድን ነው?» ይላሉ። ተማሪው በሕይወቱ ሙሉ ያውቀዋል፣ እናቱ ዳማከሴ አሽተውለታል፤ አስረዳ ሲባል ግን ቃል ያጣል። ከፀሐይ ነው? ከምግብ ሽታ ነው? ከንፈር ላይ የሚወጣው ነው ወይስ ትኩሳቱ? አንዱ ተማሪ እንዲህ ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል፤ በመጨረሻ ዞረው በሽተኛዋን ይጠይቃሉ። «ኩላሊቴን» ያሉት ሰውዬ እጃቸውን የሚያሳርፉት ወገባቸው ላይ ነው። «ሆዴን ባሰኝ» ያለችዋ ደግሞ ሆዷን አላመማትም፤ ልጇ ጦር ሜዳ ነው።

እኔ በዚያ ዘመን አልነበርኩም፤ የእኛ የፊዚዮሎጂ መምህር ህንዳዊ ነበሩ፣ በሽተኛ ጋርም አንደርስም ነበር። ግን ይህን ወግ በሰማሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። የእነዚያ ጀርመኖች ትልቁ ስጦታ የሚያውቁት አልነበረም። የሚያውቁትን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። ትልቁ ስጦታቸው አለማወቃቸው ነበር። ባለማወቃቸው ምክንያት ጠየቁ፤ በመጠየቃቸው ምክንያት የጎንደር ተማሪ የእናቱን ቋንቋ እንደ ሐኪም አድርጎ ማዳመጥ ተማረ። ሂስትሪ መውሰድ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? አበሻ መምህር ቢሆን ኖሮ «ምች» ሲባል አንገቱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፍ ነበር።

እንግዲህ ወደ ደቡብ።

አሬሮ ዛሬ የወረዳ ስም ነው፤ በቀድሞው ሲዳሞ ግን ሰፊ አውራጃ ነበር። ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ዱብሉቅ፣ ሞያሌ፣ ነገሌ፤ እነዚህ የደቡብ ቆላ ከተሞች በመጽሐፍ የሚታወቁት በአብዛኛው በጦር ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ከነገሌ ወደ ዶሎ በኩል፣ ገናሌ ወንዝ ላይ በመልካ ዲዳ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከራስ ደስታ ጦር ጋር የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደበደቡ። ዶክተር ፍሪደ ሁላንደር ቆሰሉ፣ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ፣ ከበሽተኞቹም ብዙ ሰው አለቀ። ድንኳኑ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ነበረበት፤ ከሰማይ ጎልቶ ይታይ ነበር። ጎልቶ መታየት ሁልጊዜ እንደማያድን ለማሳየት እዚህ ጠቀስኩት እንጂ፣ የሙያ አባቶቻችን ከሆኑት ሰዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ነው። ነገሌ ደግሞ ጥር 4 ቀን 1966 ወታደሮቿ በምግብና በውሃ ጉዳይ አምፀው ጄኔራላቸውን የእነሱን ምግብ እንዲበሉ ያስገደዱባት ከተማ ናት። አብዮቱ የተጀመረው እዚያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

የአስተማሪዎቿን ታሪክ ግን ብዙ ሰው አልጻፈውም። ከወረራው በኋላ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮናውያን በነገሌ፣ በያቤሎና በሜጋ ጣቢያ ከፍተው ክሊኒክና ትምህርት ቤት አቆሙ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመሩ፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሚመደቡት። ታኅሣሥ 1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መደበኛው መምህር በአብዛኛው ከደጋ የመጣ፣ በአማርኛ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያው አማርኛ ነበርና። በ1971 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ያህል ቋንቋዎች መጻሕፍት አዘጋጀ፣ በግዕዝ ፊደል። ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞና በቁቤ መማር የጀመሩት ከ1984 ወዲህ ነው።

የደጋውን መምህር ማንም ባዕድ አላለውም። በወረቀት ላይ የአገሩ ሰው ነው፤ እሱም ራሱን እንደዚያ ነው የሚያየው። ቆዳው አይጮህም፣ ልጆች እየተከተሉ «ፈረንጅ» አይሉትም። ከመምጣቱ በፊት የቋንቋ ኮርስ የሰጠው የለም። የተሰጠው የበረሃ አበል ነው፤ ከዚያ ዝውውር ይጠብቃል።

ነገሌ አብሮኝ የሠራ አንድ ነባር የጤና ረዳት ነበር፤ ጋሼ እለው ነበር። አሬሮ ተወልዶ፣ ከብት ሲጠብቅ አድጎ፣ ዘግይቶ ነው ትምህርት ቤት የገባው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ የሦስተኛ ክፍል ፈተናውን አጫወተኝ። ጥያቄው «በሬ ለምን ይጠቅማል?» ነው። መልሱ «ለእርሻ» ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሥሏል። ጋሼ በሕይወቱ የተጠመደ በሬ አይቶ አያውቅም። «ለእንግዳ ይታረዳል» ብሎ ጻፈ። ኤክስ ተደረገበት።

«አስተማሪው ክፉ ነበሩ?» አልኩት።

«ኧረ! ደግ ሰው ነበሩ እንጂ። ደብተር የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፍኩት በእሳቸው ነው። ብቻ አንድም ቀን 'እናንተ ዘንድስ?' ብለው አልጠየቁኝም።»

ይህቺን አባባሉን ብዙ አስቤባታለሁ። ደግነት አልጎደለም፣ ዕውቀትም አልጎደለም። የጎደለው እሳቸው እንግዳ መሆናቸውን የሚነግራቸው ነገር ነው። ፈረንጁን ልጆቹ በየመንገዱ ያስታውሱታል። ለእሳቸው ግን ማን ያስታውሳቸው?

አሁን ስለ ራሴ ልበል፤ የሚበቃውን ያህል ብቻ። ከምረቃ በኋላ ዕጣ ስናወጣ የነበረውን ግርግር የማያስታውስ የለም፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ይቀያይረኛል እያለ ይሯሯጣል። ለእኔ ነገሌ ወጣ። ቦረናን ካርታ ላይ እንጂ አላውቃትም። ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት ጠዋት በሽተኛ አያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለጤና ሠልጣኞች አስተምር ዘንድ ተጠየቅኩ። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ልጆች አሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአማርኛ አብራራለሁ፣ እነሱ ደግሞ ተጠጋግተው በኦሮምኛ ይነጋገሩታል። ከእኔ በኋላ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት አለ ማለት ነው፣ እኔ የማልሰማው።

ገጠር ስንወጣ ጎልቼ መታየቴን ያወቅኩት እዚያ ነው። ለክትባት አሬሮ ወረዳ ስንሄድ የሚጠይቁኝ ስሜን አይደለም። መጀመሪያ ጎሳዬን ነው። ሳቦ ነሽ ጎና? የከብቶችሽ ቁጥርስ? ባል አላት? ዕድሜዋ ስንት ነው? ሴቶቹ ፀጉሬን ይነኩታል፤ ሽማግሌዎቹ በአስተርጓሚ በትዕግሥት ያስረዱኛል። በገዛ አገሬ አስተርጓሚ! ሐኪም ወርቅነህን ያስታወስኳቸው ያኔ ነው።

ያስተማሩኝ ሠልጣኞቹ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዟችን አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ 'ነጋ' አለችሽ ማለት ደህና ነኝ አለችሽ ማለት አይደለም» አለችኝ። ነጋ ሰላም ማለት ነው። ቦረና ላይ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጁ፣ ሁሉም ይጠየቃል፤ ለሁሉም መልሱ «ነጋ» ነው። ሞት ያለበት ቤት እንኳ መጀመሪያ «ነጋ» ብሎ ነው ወሬውን የሚያወጣው። ስለዚህ በሽተኛዋን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጀምር ሐኪም «ሰላም» ይባልና መዝገብ ላይ «ቅሬታ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ሰላምታውን በወጉ መጨረስ፣ ዝም ማለት፣ ከዚያ እንደገና መጠየቅ ነው መድኃኒቱ። ጊዜ ይፈጃል። ግን በሽታው የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሌላም አለ። ሕፃን ተጎድቶ ሲመጣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል ብለን መጠየቅ ተምረናል። ያ ጥያቄ ቦረና ላይ ብዙ አይነግርም። ሠልጣኞቹ የሚጠይቁት ላሞቹ ዋራ ናቸው ወይስ ፎራ የሚለውን ነው። ዋራ ቤት አጠገብ የሚውሉት የሚታለቡ ከብቶች ናቸው፤ ፎራ ጎረምሶቹ ሩቅ ግጦሽ የሚወስዷቸው ናቸው። ድርቅ ሲጠና ላሞቹ ሁሉ ወደ ፎራ ይሄዳሉ፣ ወተቱም አብሮ ይሄዳል። በአንድ ቃል የልጁን የሁለት ወር ምግብ ትሰማለህ። ይህንን የሚያህል ጥያቄ በየትኛው የሥርዓተ ምግብ መጽሐፍ ታገኛለህ?

ከሁሉም የማልረሳው ስለ ወባ ስናስተምር የተነሳው ነው። ከማዕከል የተላከው መማሪያ ጽሑፍ የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከክረምቱ በኋላ ነው ይላል። ለደምቢያ ልክ ነው፤ የእኛ ኮሌጅ የተመሠረተው በዚያ ወባ ነውና እንዴት አልሽም ልለው እችላለሁ? ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ይሄ የማን ዝናብ ነው?» አለኝ። ቦረና ላይ ዋናው ዝናብ ገና ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ደጋው ክረምት በሚለው ሰኔና ሐምሌ ቦረና ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ትንሹ ዝናብ ሐገያ የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ ወባ ከገናም በኋላ አለ፣ ከሐገያም በኋላ አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓመተ ወቅት ጎን ለጎን ሣልን። መጽሐፉ ለሠላሳ ልጅ የራሱን ሰማይ ተሳስተህ አየኸው ሲለው ኖሯል ማለት ነው። ስንት ትውልድ «ክረምት መቼ ነው?» ተብሎ ተፈትኖ ይሆን?

ስለ ባዕድ ካነሳሁ ዳዲም የነበሩትን ሆላንዳዊ ካህን አባ ቶን ሊውስን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ለብዙ ዓመት በቦረና ኖረው ቃላቱን ለቀሙ፤ ከሲንቲያ ሳልቫዶሪ ጋር ሆነው ያዘጋጁት «አዳ ቦረና» የተባለው የባህል መዝገበ ቃላት በ1998 አካባቢ አዲስ አበባ ታተመ። ነገሌ በነበርኩበት ጊዜ ያ መጽሐፍ በእጄ አልነበረም፤ በስተኋላ ሳገኘው ግማሹን ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ይህን ስል ፈረንጅ ከእኛ ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ቦረናዎቹ ባይነግሯቸው አንድ ቃል አይጽፉም ነበር። የምለው ሌላ ነው። እሳቸው ሲመጡ ምንም እንደማያውቁ ሁሉም ያውቅ ነበር። እዚያው ሃያ ዓመት የኖረ የደጋ ሠራተኛ ግን ያው ዕድል ነበረው፣ ያውም በቅርብ ጎረቤትነት፤ ደብተር ግን አልገዛም። አይፈረድበትም፤ «አገርህ ነው» ተብሎ ነው የተላከው።

ለዛሬዎቹ የፋኩልቲያችን መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ዛሬም ተመራቂዎቻችን ወደ ሞያሌ፣ ወደ ጎዴ፣ ወደ ጂንካ፣ ወደ አሶሳ ይሄዳሉ። የሚሄዱበትን ቋንቋ አንድ ቃል ሳያውቁ ነው የሚሄዱት። በኢንተርንነት ዓመት ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ሳምንት ማግኘት ያን ያህል ከባድ ነው? አስተማሪው ሩቅ አይደለም። ክፍል ውስጥ የተቀመጡት የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የቀብሪ ደሐር ልጆች አሉ። አንዷን ሠልጣኝ ሰሌዳው ጋ አውጥቶ «እናንተ ዘንድ ይህ ሕመም ምን ይባላል?» ማለት ብቻ ነው። ላይፕዚጎቹ ያደረጉት ይኸው ነበር፤ ሳያውቁ በሚለው ላይ ከቆመ እኛ እያወቅን ማድረግ እንችላለን። ጊዜ የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ካሪኩለሙ ሞልቷል ትሉኛላችሁ። የመዝገቡ ገጽ ላይ «ቅሬታ የላትም» ተብሎ ተጽፎ የተላከችው ሴትስ?

ከነገሌ ስወጣ ሠልጣኞቹ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጡኝ። በየመስመሩ የቦረና ቃል፣ ትርጉሙ በአማርኛ፣ አንዳንዱ ላይ ሥዕል አለ። ገራ የሚለው ላይ ሆድ ተሥሎ ከጎኑ «እንደ እናንተ ሆድ ነው፤ ያዝናልም» የሚል ተጽፎበታል። ነጋ የሚለው ጎን ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «መልስ አይደለም» ይላል። ሽፋኑ ተቀዳዷል፤ ውስጡ ግን ይነበባል፤ ፎቶ ኮፒውን ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። ዘንድሮ ዕጣው ወደ ደቡብ የሚጥላችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ።